የበዓላችን ትርፍ የት ይወርዳል?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ቡሄ አልፎ የጅራፉ ጩኸት ጋብ ብሏል። ከፊታችን እንቁጣጣሽ፣ ደመራና መስቀል፣ ከዚያም መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም ንግሥ አለ። መውሊድም በጨረቃ ስለሚቆጠር ከዓመት ዓመት እየተንሸራተተ በእነዚህ ዓመታት ወደዚሁ ወቅት ተጠግቷል። ወሎ ውስጥ የአንዱ በዓል ለሌላው ግብዣ ነው። ክርስቲያኑ በመውሊድ ይጠራል፣ ሙስሊሙ በመስቀል ይጠየቃል፤ ሥጋው ለየብቻ ቢታረድም ቡናው ላይ ሁሉም ይገናኛል።

ይህን ወቅት መርጬ የመጣሁት ስለ በዓል ማግስት ለመናገር ነው። ዋዜማውን ሁላችንም እንጨነቅበታለን፤ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ የልጆች ልብስ። ዕለቱን እናውቅበታለን። ማግስቱን ግን ማንም አይጠይቅበትም። አጥንቱ፣ ፈርሱ፣ ቆዳው፣ ፌስታሉ፣ ባዶው ሃይላንድ፣ ጎማ የነደደበት ጥላሸት የት ይሄዳል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መልሴንም ከወዲሁ ላስቀምጠው፤ ከደሴ የወረደ ሁሉ ጎረቤት ደጅ ይደርሳል፣ ከጎረቤት ደጅም ወደ እኛ ማዕድ ይመለሳል። በዓሉ የሚፈጸመው ትርፉ በአግባቡ ሲቀመጥ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። ህንዶች ዲዋሊ የሚሉት ታላቅ በዓል አላቸው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ስለነበሩ፣ ዕድሜያችሁ የገፋው ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። ዲዋሊ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ፣ ዝናባቸው ካባራ በኋላ፣ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ይውላል። ሂንዱዎች፣ ጃይኖችና ሲኮች ያከብሩታል። የበዓሉ ዋና ምልክት በየደጃፉ የምትበራ የሸክላ ኩራዝ ናት፤ ጭቃ ተጠፍጥፎ ይተኮሳል፣ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበታል፣ የጥጥ ክር ይለኮስበታል። ብርሃን ጨለማን እንደሚያሸንፍ የሚናገሩት በእሷ ነው። ስትሰበርም ተመልሳ አፈር ትሆናለች።

ከዘመናት በኋላ ርችት መጣ። እየበዛ ሄዶም ለብዙ ሰው ዲዋሊ ማለት ርችት ሆነ። ዋና ከተማቸው ዴልሂ በዚያ ወቅት እንዲሁም ጭስ አያጣትም፤ በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች የሩዝ ገለባ ያቃጥላሉ፣ መኪናው ብዙ ነው፣ አየሩም ቀዝቅዞ አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ የርችቱ ጭስ ሲታከልበት በማግስቱ ከተማዋ በጉም የተሸፈነች ትመስላለች፤ አስም ያለባቸው ሕፃናትና አረጋውያን ሆስፒታል ያጨናንቃሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጭሳቸው የተቀነሰ ርችቶች ብቻ እንዲሸጡ፣ እነሱም በዲዋሊ ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኮሱ ወሰነ። ትእዛዙ ግን በዚያው በዓል በሰፊው ተጣሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በዓሉን የሚያቆሽሸው ብዙውን ጊዜ ከመሠረቱ የነበረው ሥርዓት ሳይሆን በኋላ የተለጠፈበት ነገር መሆኑ ነው። ኩራዟ ከተማን በጭስ አልሸፈነችም። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤት ብቻውን የሕዝብን ልማድ እንደማይለውጥ ነው። ለዚህም ነው ዛሬ ከሕግ በፊት የእድር ዳኞችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የሰፈር ወጣቶችን ማናገር የመረጥሁት።

አሁን ወደ ራሳችን እሳት እንምጣ።

እኛም ከክረምቱ ጨለማ ስንወጣ እሳት እናበራለን። በቡሄ ችቦ አለ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ አለ፣ በመስቀል ደመራ አለ። ደመራው ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጭራሮ፣ በጫፉ ላይ አደይ አበባ። ይህ ሥርዓት የዓለም ቅርስ ነው። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ትውፊቱም እንደሚነግረን ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ ባቃጠለች ጊዜ ጭሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ምድር አጎነበሰና መስቀሉ የተቀበረበትን አመለከታት። እንግዲህ ጭሱ ራሱ የበዓሉ ታሪክ አካል ነው። ያ ጭስ የእንጨትና የዕጣን ጭስ ነው።

ዛሬ ግን በየሰፈሩ ችቦው ሲያንስ፣ እንጨቱ ሲወደድ፣ ወጣቶች አሮጌ ጎማ እያንከባለሉ ያመጣሉ። እሳቱ ትልቅ ይሆናል፤ ቶሎም አይጠፋም። ስለዚህ ይወደዳል። ጎማ ሲነድ ምን እንደሚሆን ግን በቅርብ እንየው። ጎማ ውስጥ ላስቲክ ብቻ አይደለም ያለው፤ ድኝ አለ፣ ዚንክ አለ፣ የጥላሸት ዱቄት አለ፣ የዘይት ተዋጽኦ አለ፣ የብረት ሽቦ አለ። ሲቃጠል ድኙ ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይሆናል። ዘይቱ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት ውህዶች ጋር ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት አስፋልቱ ላይ የምታገኙት የተጠላለፈ የሽቦ ቀለበት፣ የቀለጠ ሬንጅና ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦይ የሚታጠብ ጥቁር አመድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ደመራው ሲያልቅ ምእመናን ከአመዱ ቆንጥረው በግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። እናቶች ለልጆቻቸውም ይቀቡላቸዋል። የእንጨት አመድ ከሆነ በረከት ነው። ጎማና ፌስታል የተጣለበት እሳት አመድ ከሆነ ግን በሕፃን ግንባር ላይ የምንቀባው የብረትና የድኝ ቅሪት ነው። ስለዚህ ወደ እሳቱ የሚገባውን መጠበቅ ሥርዓቱን ማክበር ነው እላለሁ።

የደሴ አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከተማችን በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተጋደመች ጠባብ ሸለቆ ናት። በመስከረም ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር ይቆምበትና ጭሱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግደዋል። ጭሱ ታዲያ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከመናፈሻ እስከ ቧንቧ ውሃ በየቤታችን መስኮት ይገባል። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ጭሱን ነፋስ ይወስድለታል። እኛ ግን ያቃጠልነውን ራሳችን ተንፍሰን ነው የምናድረው።

ከእሳቱ ወደ ውሃው እንለፍ። ይህ የንግግሬ ትልቁ ክፍል ነው።

የቦርከናን ወንዝ እናውቀዋለን። ከኩታበር አካባቢ ካሉት ከፍታዎች ይነሳል፣ በደሴ ያልፋል፣ ገደሉን ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ይደርሳል። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ወደ 650 ሜትር ያህል ዝቅ እንላለን፤ ውሃውም እንደዚያው ይወርዳል። ከኮምቦልቻ በኋላ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፤ በመጨረሻም ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። በአፋር በረሃ አድርጎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። ይህን እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። ብዙ የዓለም ወንዞች ቆሻሻቸውን ውቅያኖስ ላይ ይጥላሉ። የእኛ ወንዝ ግን የሰጠነውን ሁሉ በራሳችን ወገን መሬት ላይ አስቀምጦት ነው የሚቀረው።

አሁን አንድ የቅርጫ በሬ በሰፈር ሲታረድ እንመልከት። ጠዋት በሬው ይጣላል። ደሙ ወደ ቦይ ይፈስሳል። ጨጓራው ተከፍቶ ፈርሱ ይዘረገፋል፤ ከአንድ በሬ የሚወጣው ፈርስ በአንድ ሰው ሸክም የሚያልቅ አይደለም። ቀንዱ፣ ሰኮናው፣ ሥጋ የማይሉት ሁሉ በማዳበሪያ ይታሰርና ማታ በጨለማ ከድልድይ በታች ይወረወራል። ደምና ፈርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ በደቂቅ ነፍሳት ይበሰብሳል፤ ደቂቅ ነፍሳቱም ሲያበሰብሱት በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ሕይወት ያለው ነገር ይሞትበታል። አንድ በሬ ቢሆን ወንዙ ይችለው ነበር። በአንድ ጠዋት ከተማው ሙሉ ሲያርድ ግን አይችለውም።

ኮምቦልቻም የራሷ ሸክም አለባት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቆዳው፣ የቢራው ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሰጥተዋል። ተመራማሪዎች በከተማዋ ወንዞች ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች ግን ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የደሴ የበዓል ትርፍ በዚያ ላይ ሲጨመር የታችኛው ሰው ሁለት ሸክም ይወርድበታል። ፋብሪካውን አጣርተህ ልቀቅ ለማለት የሞራል አቅም የሚኖረን እኛ ራሳችን ፈርሳችንን ወንዝ ውስጥ መጣል ስናቆም ነው።

የታችኛው ሰው ማነው? የሐርቡ መስኖ ገበሬ ነው፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በዚያ ውሃ ያጠጣል። የጨፋ ከብት አርቢ ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ኦሮሞውም አፋሩም ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ ረግረጉ የአካባቢው ሁሉ መጠጊያ ነው። የበዓላችን በሬ ከየት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ፣ ብዙው ከነዚሁ ቆላማ አካባቢዎች፣ በባቲ የሰኞ ገበያና በመሰሎቹ አልፎ ነው የሚመጣው። እንግዲህ የዘንድሮ በዓላችንን ደምና ፌስታል የጠጣው መሬት ነው የከርሞውን በሬ የሚያበላው። ሽንኩርቱም ከዚያ ይወጣል። ክፉ የሠራነው በሩቅ አገር ላይ አይደለም፤ በራሳችን ወጥ ላይ ነው።

ፌስታል ካልኩ አይቀር እዚያ ላይ ልቆይ። በበዓል ገበያ ቀን አንዲት እናት እዚህ ደሴ ሰኞ ገበያ ገብታ ስትወጣ በእጇ ላይ ስንት ፌስታል እንደሚንጠለጠል ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ለቅመሙ አንድ፣ ለሽንኩርቱ አንድ፣ ለእንቁላሉ አንድ፣ ሦስቱን የሚይዝ ደግሞ ሌላ። ቤት ሲደርስ የፌስታሉ ዕድሜ አበቃ። ነፋስ ያነሳዋል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ከብት ይበላዋል። ከብት ጨው የነካው፣ ምግብ የሸተተው ፌስታል ሲያገኝ ይውጠዋል። ሆዱ ግን አይፈጨውም፤ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጥና እንስሳው እየበላ ይከሳል። በአገራችን ቄራዎች በታረዱ ከብቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በጨጓራ ውስጥ ከሚገኙ ባዕድ ነገሮች መካከል ፕላስቲክን በቀዳሚነት ይጠቅሳሉ። በሬ ያረደ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን በዚያው ስስ ፌስታል ሞልቶ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሩዋንዳ በ2000 ዓ.ም.፣ ኬንያ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይህንኑ አድርገዋል። እኛ ዘንድ ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያደርገው የገበያተኛው እጅ ነው።

ወሎ ደግሞ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለችም። ዘንቢል የኛ ነው። አገልግል የኛ ነው። በአለላ፣ በስንደዶ፣ በአክርማ እየተሰፋ ዶሮ ወጥ ከነእንጀራው ተሸክሞ ዘመድ ጥየቃ ይሄድ የነበረው፣ ቆዳ የለበሰው የወሎ አገልግል ነው። እናቶቻችን እንግዳ ሲሸኙ በፌስታል አላሸከሙም። በሙዳይና በአገልግል ሰጡ፤ አገልግሉም ባዶውን አይመለስም ነበር፤ የተቀበለው ሰው የራሱን ሞልቶበት ይመልሳል። ፌስታል ግን ሰጥቶ መቀበል አያውቅም፤ ተሰጥቶ ይጣላል።

አሁን ስለ ቆዳው ልናገር። ድሮ የበዓል ዕለት ከቀትር በኋላ በየሰፈሩ «ቆዳ አለ?» እያለ የሚዞር ሰብሳቢ ነበር። የበጉን ቆዳ ለመግዛት ይሻማ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወድቆ ሰብሳቢው ጠፋ፤ ቆዳው በየቦዩና በየወንዙ ዳር መጣል ጀመረ፤ ውሻ ይጎትተዋል፣ ይሸታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ቆዳ ፋብሪካ ያላት ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለች የደሴ ቆዳ ወንዝ ውስጥ ይበሰብሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ቆዳውን ሲገፍፉ ቢላዋ እንዳይወጋው መጠንቀቅ፤ በተቻለ መጠን በእጅና በጡጫ መግፈፍ፤ ስቡንና ሥጋውን መላጨት፤ ከዚያ በተገፈፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጥላ ስር ዘርግቶ ሥጋ በነበረበት ጎን ጨው በደንብ ማልበስ ነው። ጨው ያልነካው ቆዳ ባደረ ማግስት ጠጉሩን ይለቅቃል፣ ለፋብሪካም አይሆንም። ጨው የተነሰነሰበት ግን ሳምንታት ይቆያል። አንድ ቤት ለአንድ ቆዳ ነጋዴ መፈለግ ይከብደዋል። አንድ እድር ግን የመቶ ቤት ቆዳ በአንድ ቀን ጨው አልብሶ ቢሰበስብ መኪና ተከራይቶ ማውረድ ያዋጣዋል። ገንዘቡም ለእድሩ ይገባል።

ፈርሱስ? ፈርስ ከወንዝ ውስጥ ሲገባ መርዝ፣ ከጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ማዳበሪያ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፈርሱን ከደረቅ ሣርና ከአመድ ጋር እያነባበሩ፣ ከላዩ አፈር መመለስ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ብስባሽ ይሆናል። ለጎመን፣ ለበርበሬ፣ ለችግኝ ይሆናል። በየዓመቱ ክረምት በጦሳ ላይ የምንተክለው ችግኝ ሥሩ ላይ የሚደረግለት ይህ ቢሆን፣ የበዓላችን ትርፍ ተራራችንን ያለብሰው ነበር።

በዓላችን በከተማ ብቻ አይወሰንም። ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዘው ምእመን ደሴ ላይ ያድራል፣ ደሴ ላይ ስንቁን ይገዛል። ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚወርደውም እንዲሁ። ግሸን አምባ ናት። ወደ አምባ የወጣ ሃይላንድ ሰው ካላወረደው ከዚያው ይቀራል። ከላይ ሆኖ ከተጣለ ደግሞ ገደል ላይ ይንጠለጠላል እንጂ የሚሰበስበው የለም። ስለዚህ ተጓዡን የምናስተናግደው እኛ አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን፤ የፈላ ወይም የተጣራ ውሃ በየመናኸሪያው በነጻ የምንሞላለት ቦታ ማዘጋጀት። ተጓዡ ኮዳውን ወይም አንዱን ጠርሙስ እየሞላ ይሂድ፤ ባዶውን ይዞ ይመለስ። ተሳላሚን ውሃ ማጠጣት በሁለቱም እምነት ትልቅ ጽድቅና አጅር ያለው ሥራ ነው።

ስለ ጌጣችንም ሁለት ቃል ልበል። በቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከረግረግ የሚታጨድ ሣር ነው። ቡናው ተጠጥቶ ሲጠረግ ከብት ይበላዋል ወይም ይበሰብሳል። በዚህ ፈንታ ዛሬ በየካፌውና በየቢሮው የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎ እናያለን፤ ሽታ የለውም፣ ሲያረጅ እየተበጠሰ አቧራ ሆኖ ይቀራል። ረከቦታችንን በእውነተኛው ቄጤማ ላይ እናስቀምጥ። ብዙ አይፈለግም፤ በእጅ ሙሉ የሚሆን ይበቃል። ቄጤማው የሚበቅልበትን ረግረግ ግን አፈር እየደፋን ቤት አንሥራበት፤ ረግረግ ከሌለ ቄጤማም የለም። አደይ አበባም በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ከነሥሩ ከተነቀለ ለከርሞ ዘር አይጥልም። ልጆቻችን ከላይ ብቻ እንዲቀነጥሱ፣ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት እንዲወስዱ፣ የቀረውን ለዘር እንዲተዉ እናስተምራቸው።

የደሴ ብርድ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። በበዓል ሌሊት ወጡ የተሠራበትን ከሰል ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት ሰው ገድሏል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። ከሰሉ ውጭ ይደር። እንጀራውንም በተሻሻለ ምድጃ መጋገር በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ የጦሳን ጥድና ባሕር ዛፍም የእናቶችንም ዓይን ያተርፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አምስት ነገር አቀርባለሁ፤ አምስቱም ከመስከረም በፊት ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ችቦ፣ አንድ ደመራ ይኑረው። በየደጁ አሥር ትናንሽ እሳት ከማንደድ ተሰብስቦ አንድ ማንደድ እንጨት ይቆጥባል፣ ሰውንም ያገናኛል። ደማሪዎቹ ወጣቶች ጎማ፣ ፌስታልና ቀለም የተቀባ እንጨት ወደ እሳቱ እንዳይገባ ይጠብቁ። ፖሊስ በበዓል ዋዜማ ርችትን ሲከለክል ጎማንም አብሮ ይከልክል። የጎማ ጥገና ቤቶች አሮጌ ጎማ ለልጆች ባለመስጠት ይተባበሩን።

ሁለተኛ፣ እድሮች ለቅርጫ የሚሆን የጋራ ማረጃ ቦታ ይለዩ፤ ከወንዝና ከቦይ የራቀ ይሁን፤ የፈርስ ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር። ቄራ መድረስ የሚችል ቄራ ይረድ።

ሦስተኛ፣ ቆዳውን በጨው አልብሶ መሰብሰብን አንድ የእድር ኮሚቴ ይያዘው፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካና ከነጋዴዎች ጋር ከወዲሁ ዋጋ ይነጋገር።

አራተኛ፣ የገበያ ሴቶችና ሸማቾች ዘንቢል ይዘው ይውጡ። ነጋዴው ሸቀጡን በዘንቢል ለሚገዛው ቅድሚያ ይስጥ።

አምስተኛ፣ የበዓል ማግስት የጽዳት ቀን ይሁን። በበርካታ የአገራችን ከተሞች ለመስቀል ሙስሊም ወጣቶች፣ ለኢድ ክርስቲያን ወጣቶች አደባባይ ሲያጸዱ አይተናል። ይህ ከወሎ የበለጠ የሚያምርበት አገር የለም። እስከ ዛሬ የምናጸዳው ግን ዋዜማውን ነው። ማግስቱንም እንጨምርበት። ኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህራንና ተማሪዎችም ከበዓል በፊትና በኋላ የቦርከናን ውሃ ለክተው ውጤቱን በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በመድረሳዎች ቢያስነግሩ፣ ሕዝቡ የሥራውን ፍሬ በቁጥር ያየዋል።

ቀሳውስትና ሸሆች ሆይ፣ ከእኔ ይልቅ የእናንተ አንድ ቃል ይሰማል። ከመንገድ ላይ አዋኪን ማንሳት የእምነት ቅርንጫፍ መሆኑን፣ ማባከን የተነወረ መሆኑን ሙስሊሙ ያውቃል። ሰው ምድርን ሊጠብቃት የተሾመ መሆኑን ክርስቲያኑ ያውቃል። ይህን እውቀት ከጎማ ጥገና ቤቱ እስከ ቅርጫው ድረስ አውርዱልን። በበዓሉ ዋዜማ ስብከትና በጁምዓ ኹጥባ ላይ ስለ ጎማው፣ ስለ ፈርሱ፣ ስለ ፌስታሉ በስማቸው ጠርታችሁ ተናገሩ።

የኮምቦልቻ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተ ደግሞ ከታች ሆናችሁ ጠይቁን። ውሃው ከእኛ ወደ እናንተ ስለሚወርድ ጥያቄው ከእናንተ ወደ እኛ መውጣት አለበት። የሁለቱ ከተማ እድሮች ከደመራ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከደመራ በኋላ አንድ ጊዜ በወንዙ ዳር ተገናኝተው ቢያዩት ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል። የፋብሪካችሁንም ውሃ በዚያው አብረን እንጠይቃለን።

በዓላችን ከአባቶቻችን የተረከብነው እንጨት፣ ዕጣን፣ አበባ፣ ቄጤማ፣ ዘንቢልና የሸክላ ጀበና ይዞ ነው። ከነዚህ አንዱም አፈርን አልጎዳም። የምንቀንሰው ትላንት የመጣውን ጎማና ፌስታል ነው፤ ጎማና ፌስታል ሲቀነሱ ከበዓሉ የሚጎድል ነገር የለም። የእድር ዳኞች በዚህ አዳራሽ ሳላችሁ፣ ዛሬውኑ ከመውጣታችሁ በፊት የየሰፈራችሁን የማረጃ ቦታና የደመራ ቦታ ጻፉ፤ የሚቆፍረውንና የሚጠብቀውን ሰው ስም ጻፉ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ክረምቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ መስከረሙን የጥጋብ ያድርግልን። ላይኛው ለታችኛው የሚያስብበት፣ ታችኛው ላይኛውን የሚመርቅበት ዓመት ይሁንልን። ውሃችን ይጥራ፤ ከብታችን ይርባ፤ ልጆቻችን ጤና ይሁኑ፤ በዓላችሁ ይባረክ። አሜን፣ አሚን በሉ።